በፋርስኛ «ብርጭቆው ተሰበረ» ብል ለምን ተሳቀብኝ? (ስለ ተገብሮ ግስና ስለ ስም አገባብ)

የፌርፋክሷ (ጥያቄውን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንዲት አረጋዊት ኢራናዊት እናት በመንከባከብ እተዳደራለሁ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ዘመን ቢኖሩም ዕድሜያቸው እየገፋ ሲሄድ እንግሊዝኛው እየሸሻቸው መጥቷል፤ አሁን ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት በፋርስኛ ነው። እኔው ወደ እሳቸው ልጠጋ ብዬ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ቋንቋቸውን እየተማርኩ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ የውሃ ብርጭቆ ከእጄ አመለጠኝ። ድምፁን ሰምተው ከሳሎን «ምን ሆነ?» አሉኝ። እኔም ያጠናሁትን ተገብሮ ግስ የምሞክርበት ቀን መጣ ብዬ በኩራት «ሊቫን ሼከስቴ ሾድ» አልኳቸው። ብርጭቆው ተሰበረ ማለቴ ነበር። እሳቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «በማን? ፖሊስ መጥቶ መርምሯል?» አሉኝ።

በመማሪያ መጽሐፌ ሕጉ ግልጽ ነው። የኃላፊውን ግስ ግንድ ወስደሽ «ኤ» ትጨምሪበታለሽ፣ ከኋላው «ሾደን» የሚለውን ግስ ታስከትያለሽ። ኔቬሽት ጻፈ ነው፤ ኔቬሽቴ ሾድ ተጻፈ። ሼከስት ሰበረ ነው፤ ሼከስቴ ሾድ ደግሞ ተሰበረ መሆን አለበት። ታዲያ ጥፋቴ ምንድን ነው? ስሙም ራሱ አስቸግሮኛል። «ራ» የምትባለውን ቃል መቼ እንደምጨምር፣ በስምና በቅጽል መካከል የምትገባው «ኤ» ምን እንደምትሠራ የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

ፋርስኛውን በፊደላችን የጻፍኩት የእነሱ ጽሑፍ እዚህ ተገልብጦ ስለሚወጣብኝ ነው። አጭሩን «ኣ» በግዕዝ (ደር፣ በር)፣ ረጅሙን በራብዕ (ባዝ፣ ናን) አድርጋችሁ አንብቡልኝ።

ቀለም ቆጣሪ

እህቴ፣ ሰዋስውሽ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ቦታው ነው። «ሼከስተን» የሚለው ግስ ሁለት ፊት አለው። «ሊቫን ራ ሼከስተም» ካልሽ ብርጭቆውን ሰበርኩት ነው። «ሊቫን ሼከስት» ካልሽ ደግሞ ብርጭቆው ተሰበረ። ምንም ቅጥያ ሳይጨመርበት፣ ግሱ ሰባሪውንም ተሰባሪውንም ያገለግላል። እኛ ይህ አይሆንልንም። «ብርጭቆው ሰበረ» ብትዪ ሰሚው «ምኑን?» ብሎ ይጠይቅሻል።

የእኛ «ተ» ብዙ ሸክም አለባት። «ብርጭቆው ተሰበረ» ስንል ሰው ሰብሮት ይሁን በራሱ ወድቆ አንለይም፤ ሁለቱም በአንድ ቃል ያልፋሉ። ፋርስኛ እዚህ ላይ ይለያል። «ሼከስት» ሲሉ ነገሩ ሆነ፣ አበቃ። «ሼከስቴ ሾድ» ሲሉ ግን ከጀርባ ሰባሪ አለ፣ ስሙ ሳይነሣ ቀርቷል ማለት ነው። የፍርድ ቤት መዝገብ ወይም የዜና ቃና አለው። እናትየው «በማን?» ያሉት በአንቺ ሳይሆን በዚያ ቃና ስቀው ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ «ሊቫን ኧዝ ደስተም ኦፍታድ ኦ ሼከስት» በያቸው። ብርጭቆው ከእጄ ወደቀና ተሰበረ። እንደ አማርኛችን «ከእጄ አመለጠኝ» ጥፋቱን ግማሽ በግማሽ ከብርጭቆው ጋር ያካፍልሻል።

«ሪኽተን» (ማፍሰስም መፍሰስም) እና «ፖኽተን» (ማብሰልም መብሰልም) እንደዚሁ ባለ ሁለት ፊት ናቸው። ውሃው ፈሰሰ ለማለት «ኣብ ሪኽት» ይበቃል።

የዴይራው

እኔ ፋርስኛ የተማርኩት ዱባይ ዴይራ ነው፤ ከወንዝ መሰሉ የባሕር ክንድ አጠገብ፣ የኢራን ጀልባዎች ዕቃ ከሚጭኑበት ሠፈር። መጽሐፍ አላየሁም፣ በጆሮዬ ነው የለቀምኩት። ስለዚህ ሰዋስው ለቀለም ቆጣሪ እተዋለሁና የሰማሁትን ልናገር።

ከነጋዴዎቹ አፍ «እንዲህ-ቴ ሾድ» የሚል ነገር አልፎ አልፎ ነው የሚወጣው። የሚያደርጉት ሌላ ነው፤ ረዳቱን ግስ ይቀይራሉ። አብዛኛው የፋርስኛ ግስ ከስምና ከአንድ ትንሽ ግስ የተሰፋ ነው። «ባዝ ከርደን» ማለት «ክፍት ማድረግ» ነው፤ «ባዝ ሾደን» ደግሞ «ክፍት መሆን»። ደር ራ ባዝ ከርድ፣ በሩን ከፈተ። ደር ባዝ ሾድ፣ በሩ ተከፈተ። ከርደንን አውጥቶ ሾደንን ማስገባት ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም። «ተሚዝ ከርደን» ማጽዳት፣ «ተሚዝ ሾደን» መጽዳት። «ደስትጊር ከርደን» ማሰር፣ «ደስትጊር ሾደን» መታሰር። ይህን ብቻ የያዘ ሰው ከተገብሮው ግማሹን ጨርሷል።

ደስ የሚለው ግን «ኾርደን» ነው፤ መብላት ማለት ነው። የሚመታው ሰው «ኮተክ» ይመታል፣ የተመታው ኮተክ ይበላል። እኛም «ዱላ ቀመሰ» እንል የለም? ማሸነፍ «ሼከስት ዳደን» ነው፣ ሽንፈትን መስጠት። መሸነፍ «ሼከስት ኾርደን»፣ ሽንፈትን መብላት። የእኛም የስፖርት ጋዜጠኞች «ሽንፈት ቀመሰ» ይላሉ፤ እኛ እንቀምሳለን፣ እነሱ ጠግበው ይበላሉ። ማታለል «ፈሪብ ዳደን»፣ መታለል «ፈሪብ ኾርደን»። ጉንፋን የያዘው «ሰርማ ኾርደም» ይላል፣ ብርድ በላሁ። የወደቀ ሰው «ዘሚን ኾርደም» ይላል፣ መሬት በላሁ። አንዱ ሻንጣ ተሸካሚ መጀመሪያ እንዲህ ሲለኝ ከንፈሩ ላይ አፈር ፈልጌያለሁ።

አሁን የራሴን ውርደት ልጨምር። አንድ ቀን ቦርሳዬን ተሰረቅሁ። በአማርኛ እንደማስበው ቃል በቃል አስቤ «ዶዝዲዴ ሾደም» ብዬ ሱቅ ገባሁ። ሁሉም ዝም ብለው አዩኝ። ለካ ያልኩት «ተሰርቄአለሁ» ነው፤ እኔ ራሴ፣ እንደ ዕቃ፣ ወይም እንደ ታፈነ ሰው! እነሱ የሚሉት «ኪፈም ራ ዶዝዲደንድ» ነው፤ ቦርሳዬን ሰረቁ። ማን ሰረቀ ተብሎ አይጠየቅም፣ «እነሱ» ማንም አይደሉም።

ቀለም ቆጣሪ

የዴይራው የተናገረው የመጨረሻው ነገር እኛን በተለይ የሚመለከት ስለሆነ ላስምርበት። በአማርኛ «ቦርሳዬን ተሰረቅሁ» ማለት ይቻላል፤ ሰውየው ባለቤት ሆኖ፣ ዕቃው «ን»ን እንደያዘ፣ ግሱ ተገብሮ ይሆናል። ፋርስኛ ይህን አይቀበልም። «ተነገረኝ» ለማለትም «ጎፍቴ ሾደም» አይባልም፤ «ቤ መን ጎፍተንድ» ነው፣ ለእኔ ተናገሩ። ባለቤት የሌለው ብዙ ቁጥር እኛም «ይላሉ» ስንል እናውቀዋለን፤ እነሱ ግን አብዝተው ይጠቀሙበታል።

ሌላው የእኛ ልማድ ከማይሻገር ግስ ተገብሮ ማውጣት ነው። «ለምን ተመጣ?»፣ «እንዴት ይኬዳል?»፣ «ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ» እንላለን። በፋርስኛ «ረፍቴ ሾድ» ብሎ «ተኬደ» ለማለት የሚሞክር ሰው ማንም አይረዳውም። እዚያ የሚያገለግለው ግንዱ ብቻውን ነው፦ «ባየድ ረፍት»፣ መሄድ ያስፈልጋል፤ «ሚሸቨድ ረፍት»፣ መሄድ ይቻላል። አድራጊው ማን እንደሆነ ግሱ ላይ ምልክት የለም። ይህ ቅርጽ ሲገባኝ ብዙ ዓረፍተ ነገሮቼ ከመንገዳገድ ዳኑ።

ጠያቂው

ሁላችሁም «እምብዛም አይሰማም» ትላላችሁ፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። የፋርስኛ ዜና በየቀኑ አዳምጣለሁ። «ኮሽቴ ሾደንድ» (ተገደሉ)፣ «ጎፍቴ ሚሸቨድ» (ይባላል)፣ «ኤእላም ሾድ» (ተገለጸ) የማይልበት ቀን የለም። አድራጊውንም «ተቨሶቴ» በምትል ቃል ያስገቡታል፤ በእገሌ ማለት ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ከየት መጣ?

ቀለም ቆጣሪ

ጥያቄህ ተገቢ ነው። እኔ የተናገርኩት ስለ ኩሽና እንጂ ስለ ዜና ክፍል አልነበረም፤ በጽሑፍ ላይ ተገብሮው በጣም ሕያው ነው። ግን ስሙን ተመልከት። የኢራን ሰዋስው ገቢሩን «መእሉም»፣ ተገብሮውን «መጅሁል» ይለዋል። ሁለቱም ከዐረብኛ የተወሰዱ ናቸው፤ የታወቀ እና ያልታወቀ። የእኛ ሊቃውንት «ገቢር» እና «ተገብሮ» ሲሉ ከ«ገብረ» ተነሥተው አደረገ እና ተደረገ ብለው በድርጊቱ ነው የሰየሙት። ኢራናውያኑ የሰየሙት በአድራጊው ነው፤ ይታወቃል ወይስ አይታወቅም ብለው። ስያሜውን ያወረሷቸው የዐረብኛ ሰዋስው ሊቃውንት ናቸው፣ ፋርስኛ ላይ ግን ልክ እንደ ጓንት ገጥሟል።

እንግዲህ «ያልታወቀ» ተብሎ በተሰየመ ግስ ላይ «በእገሌ» ብሎ መጨመር እርስ በርሱ አይጣላም? በኢራን የጽሑፍ አራሚዎች «ተቨሶቴ»ን ሲያዩ ብዕራቸውን የሚያነሡት ለዚህ ነው። አድራጊው ከታወቀ ባለቤት አድርገው ይላሉ፤ ነገሩ ከአውሮፓ ቋንቋዎች በትርጉም የገባ ልማድ ነው ብለውም ይወቅሳሉ። ቃሉ ራሱ ከዐረብኛው «ወሰጥ» የመጣ ነው፣ መካከል ማለት። የእኛ «አማካኝነት»ም ከመካከል ነው። ሁለቱም ቋንቋ አድራጊውን በመካከል አቁሞ፣ ሁለቱም አዘጋጁን አሰልችቷል። «በፖሊስ አማካኝነት ተያዘ» የሚል ዜና ሳነብ «ፖሊስ ያዘው» ማለት ምን ይከብዳል እላለሁ።

የፌርፋክሷ

አመሰግናለሁ፣ በተለይ «መጅሁል» የሚለው ስያሜ አእምሮዬ ውስጥ ተቀምጧል። እስቲ ንጹሑን ቅርጽ ቢያንስ ለንባብ ልያዘው፤ ጊዜው ሲቀያየር ምን ይሆናል?

ቀለም ቆጣሪ

የመጀመሪያው ቃል ድንጋይ ነው፣ አይነቃነቅም። በጾታም፣ በቁጥርም፣ በጊዜም አይለወጥም። የሚንቀሳቀሰው ሾደን ብቻ ነው። ቴህራን ላይ የቆመውን የኣዛዲ ማማ ውሰጂ፦ «ቦርጄ ኣዛዲ ደር ሳሌ 1350 ሳኽቴ ሾድ»፣ የኣዛዲ ማማ በ1350 ተሠራ። (1350 የእነሱ ዘመን ነው፤ በአውሮፓውያን 1971፣ በእኛ 1964 ዓ.ም. ማለት ነው። የራሱ ዘመን አቆጣጠር ያለው ሕዝብ እኛ ብቻ አይደለንም።) ገና እየተሠራ ቢሆን «ሳኽቴ ሚሸቨድ»፤ ተሠርቷል ለማለት «ሳኽቴ ሾዴ ኧስት»፤ ወደፊት ይሠራል ለማለት «ሳኽቴ ኻሀድ ሾድ»፤ አልተሠራም ለማለት «ሳኽቴ ነሾድ»። በአፍ ሲነገር «ሚሸቨድ» ወደ «ሚሼ» ያጥራል፤ እናትየው ዘንድ የምትሰሚው እሱን ነው።

«ወደፊት ይሠራል» ብዬ ስጽፍ አንድ ነገር ታየኝ። «እሱ ይሠራል» እና «ቤቱ ይሠራል» በፊደላችን አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው የ«ሠ» እና የ«ራ» መጥበቅ ነው፣ እሱ ደግሞ አይጻፍም። የፋርስ ጽሑፍ አጭር አናባቢን ይደብቃል፣ የእኛ ደግሞ ጥብቀትን። አንባቢን በመፈተን እኩል ነን።

ሐምቡርግ

ጣልቃ ልግባ። እዚህ የሥራ ባልደረቦቼ አፍጋናውያን ናቸው፣ ቋንቋቸውን ደሪ ይሉታል። ሕጉ ያው ነው፣ ድምፁ ይለያል። «ኮሽቴ ሾድ» የምትሉት ከእነሱ አፍ «ኩሽታ ሹድ» ሆኖ ይወጣል፤ ቤት «ኻኔ» ሳይሆን «ኻና» ነው፤ «ቭ» የምትሉትንም «ው» ይሉታል። ከቴህራን መጽሐፍ ተምሬ ካቡል ሰዎች መካከል ስገባ ለሁለት ሳምንት ደንቆሮ ሆኜ ነበር።

ስለ «ራ» ግን እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም ለእኛ ከሁሉም የቀለለችው እሷ ናት። ክፍላችን ውስጥ ጀርመኖቹ ወር ሙሉ ሲታገሏት እኔ በአንድ ምሽት ጨርሻታለሁ። «ራ» የእኛ «ን» ናት! «መጽሐፍ አነበብኩ» ስትዪ «ን» የለም፣ የትኛው እንደሆነ አልተለየም፤ «ኬታብ ኻንደም»። «መጽሐፉን አነበብኩ» ስትዪ የታወቀው መጽሐፍ ነው፤ «ኬታብ ራ ኻንደም»። የሰው ስምና ተውላጠ ስም ሁልጊዜ ይይዟታል፣ እንደ «አበበን» እና «እኔን»። «መራ ዲድ» ማለት «እኔን አየ(ኝ)» ነው። የተወሰነ ተሳቢ ላይ ብቻ ምልክት የሚያደርጉ ሁለት ቋንቋዎች፣ አንዱ ከሴም አንዱ ከኢራን ወገን፣ እንዲህ መግጠማቸው ይገርመኛል።

ግሱ ተገብሮ ሲሆን «ራ» ትወድቃለች። «ደብዳቤውን ተጻፈ» እንደማንለው ሁሉ «ናሜ ራ ኔቬሽቴ ሾድ» ስህተት ነው። «ናሜ ኔቬሽቴ ሾድ» በቃ።

የፌርፋክሷ

ሐምቡርግ፣ እውነትሽን ነው፣ ግን ትናንት «ኬታብ ራዬ ፔደረም» ብዬ ተስተካከልኩ። የአባቴን መጽሐፍ ማለት ፈልጌ ነበር።

ሐምቡርግ

አየሽ፣ ወጥመዱ እሱ ነው፤ እኔም ወድቄበታለሁ። የእኛ «ን» ፊት ለፊት ያገኘችው ላይ ትቀመጣለች። «ትልቁን ቤት»፣ «የአባቴን መጽሐፍ»፤ ከቤቱና ከመጽሐፉ ላይ ሳይሆን ከቀዳሚው ቃል ላይ። «ራ» ግን ታጋሽ ናት። ሐረጉ በሙሉ እስኪያልፍ ጠብቃ ከጅራቱ ትያያዛለች። «ኻኔዬ ቦዞርግ ራ»፣ ትልቁን ቤት። «ኬታቤ ፔደረም ራ»፣ የአባቴን መጽሐፍ። የቱንም ያህል ቃል ቢደረደር ራ መጨረሻ ላይ ናት። በንግግር «ኦ» ወይም «ሮ» ትሆናለች፤ «ኬታቦ ኹንደም» ሲሉሽ ያው መጽሐፉን አነበብኩት ነው።

ጡረተኛው መምህር

ውይይታችሁን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳነብ ቆየሁ። ፋርስኛን በወጣትነቴ ትንሽ ቀምሼዋለሁ፤ ግዕዝን ግን ለረጅም ዘመን አስተምሬያለሁ። ልጄ የፌርፋክሷ ያነሣሽው የ«ኤ» ጉዳይ አልተመለሰምና እሞክራለሁ።

«ኤዛፌ» ይሏታል፣ ጭማሪ ማለት ነው። ስምን ከሚከተለው ገላጭ ጋር ታያይዛለች። «ኬታቤ መን»፣ የእኔ መጽሐፍ። ስሙ በአናባቢ ካለቀ «ዬ» ትሆናለች፣ «ኻኔዬ መን»፣ የእኔ ቤት። ችግሩ በጽሑፋቸው ላይ አብዛኛውን ጊዜ አለመታየቷ ነው፤ አንባቢው ከራሱ ያመጣታል።

አማርኛ ተናጋሪ «የአባቴ መጽሐፍ» ብሎ ባለንብረቱን ያስቀድማልና ነገሩ ተገልብጦ ይታየዋል። ነገር ግን በየቀኑ የምንጠራቸውን ቃላት ተመልከቱ፦ ቤተ መጻሕፍት፣ ሊቀ መንበር፣ አፈ ጉባኤ፣ ርእሰ ከተማ። ቤት ቀደመ፣ መጻሕፍት ተከተለ፣ በመካከላቸው የቤት መጨረሻ ወደ «ተ» ዞረ። በግዕዝ ዘርፍና ባለቤት የሚያያዙት እንዲህ ነው። ቃሉ በ«ኢ» ሲያልቅ ደግሞ ወደ «ኤ» ይዞራል፦ ጸሓፊ ብቻውን ሲሆን ጸሓፊ፣ ሲያያዝ ጸሓፌ ትእዛዝ፤ መጋቢ፣ መጋቤ ሐዲስ። «ጸሓፌ ትእዛዝ» ማለት የምትችል ልጅ «ኬታቤ መን» አያቅታትም። ዘመድነት የላቸውም፣ ግጥጥሞሽ ነው፤ ለማስታወስ ግን ይበቃል።

ጠያቂው

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ላርም። ኤዛፌ ቅጽልንም ታያይዛለች፤ «ኻኔዬ ቦዞርግ»። በግዕዝ ግን «ቤተ ዐቢይ» ተብሎ «ትልቅ ቤት» ማለት አይቻልም፣ «ቤት ዐቢይ» ነው። ተማሪዋ ምሳሌውን እስከ መጨረሻው ከወሰደችው ትሳሳታለች።

ጡረተኛው መምህር

አበጀህ፣ ልክ ነህ። የግዕዙ ለዘርፍ ብቻ ነው፣ ቅጽል በራሱ ይቆማል። ከተማሪዎቼ አንዱ ብትሆን ነጥብ እሰጥህ ነበር።

እርምቱን ተቀብዬ ስለ ብዙ ቁጥር ልጨምር። ቀላሉ «ሃ» ነው፤ ኬታብሃ፣ መጻሕፍቱ። ለሁሉም ስም ይሠራል፣ ጀማሪ በእሱ ብቻ መኖር ይችላል። ሕይወት ላለው በጽሑፍ «ኣን» ይመጣል፤ መምህር «ሞአሌም»፣ መምህራን «ሞአሌማን»። የእኛው «መምህራን»፣ «ቅዱሳን» ጋር ቢመሳሰልም ምንጩ ሌላ ነው። ከዐረብኛ የገቡት ደግሞ የሆድ ዕቃቸውን ይለውጣሉ፤ ኬታብ ኮቶብ ይሆናል፣ ልክ መጽሐፍ መጻሕፍት፣ ንጉሥ ነገሥታት እንደሚሆን። ይህን ያላደገበት ሰው ይጨነቃል፤ እኛ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ለምደነዋል። ጾታ የሚባል የለም፤ እሱም እሷም «ኡ» ነው። አንቺና አንተም አንድ ቃል ናቸው፣ «ቶ»።

ሻይ ወዳጅ

ከቁጥር በኋላ ስሙ ነጠላ ሆኖ ይቀራል የሚለውን ረሳችሁት። ሁለት መጽሐፍ «ዶ ኬታብ» ነው፣ «ዶ ኬታብሃ» አይባልም። እኛም «አሥር ብር»፣ «ሦስት ዓመት» እንደምንለው። ሻይ ቤት ገብታችሁ «ዶ ታ ቻይ» በሉ፤ «ታ» መቁጠሪያ ናት፣ «ሁለት ፍሬ» እንደ ማለት። ከዚህ በላይ ፋርስኛ ለሕይወት አያስፈልግም።

የዴይራው

ሻይ ወዳጅ፣ ሻዩን ራሱን ከእነሱ አይደል የወሰድነው? ዐረቦች «ቻይ» ማለት አቅቷቸው «ሻይ» አሉት፣ እኛም ከዐረቦቹ ወሰድነው። «ቸ» እያለን።

ቀለም ቆጣሪ

ክሩ ወደ ሻይ ሳይሄድ አንድ የቆየ ነገር ላንሣ። «ከርድ» (አደረገ) የሚለው የዛሬው ገቢር ግስ ሥሩ ተገብሮ ነው። ከርማንሻህ አጠገብ በቢሶቱን ገደል ላይ ንጉሥ ዳርዮስ ያስቀረጸው ጽሑፍ አለ፤ በሦስት ቋንቋ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ520 ገደማ። በጥንቱ ፋርስኛ «ኢመ ተየ መና ከርተም» ይላል። ብዙዎች «ይህ በእኔ የተደረገው ነው» ብለው ይፈቱታል፤ «ይህ የእኔ የሆነ ሥራ ነው» የሚሉም አሉ። «ከርተ» ማለት «የተደረገ» ነው። የዛሬው «ከርድ» የወጣው ከእሱ ነው። የተደረገውን ነገር የሚገልጽ ቃል በዘመናት ውስጥ አድራጊውን ወደሚናገር ግስ ተለወጠ። አሮጌው ተገብሮ ገቢር ሆኖ ቦታው ባዶ ሲቀር ነው ሾደን መጥቶ የተቀመጠበት። «ሾደን» ራሱ ድሮ «መሄድ» ነበር፤ በቆዩ ግጥሞች ውስጥ አሁንም በዚያ ትርጉም ታገኙታላችሁ።

ዳርዮስ እንኳ አድራጊውን «መና» ብሎ ጨምሯል። ጠያቂው በዚህ ሊከራከረኝ ይችላል።

ጠያቂው

እከራከራለሁም። ንጉሥ ሲሆን አድራጊው መታወቅ አለበት፤ ዜና አንባቢዎቹም እንደ ዳርዮስ ነው የሚያስቡት።

የፌርፋክሷ (ከአምስት ቀን በኋላ)

ለሁላችሁም፣ በተለይ ለመምህር፣ እጅ ነሥቻለሁ። «ከእጄ ወደቀና ተሰበረ» የምትለዋን በቃሌ ይዤ ብጠብቅም ብርጭቆ አልሰበር አለኝ፤ ሲፈልጉት አይገኝም።

ዛሬ ጠዋት ግን እማማ ራሳቸው ከወርቅ ቅብ የሻይ ብርጭቆዎቻቸው አንዱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጣሉት። እኔ መጥረጊያ ይዤ ስመጣ ስብርባሪውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፊታቸውን እንደ ዜና አንባቢ አኮሳትረው «ኤስቴካን ሼከስቴ ሾድ» አሉ።

«ተቨሶቴ ኪ?» አልኳቸው። በማን?

«መጅሁል ኧስት» አሉኝ፣ ቀና ብለው ሁለተኛውን ብርጭቆ እየቀዱ።